አዳራሹን ለማን ትተን እንመረቃለን?



ውድ እህቶችና ወንድሞች፣ ስለ አዳራሹ በቴሌግራም የሚዞረውን ወሬ ሁላችሁም አይታችኋል። «ወራሾቹ ሊያስወጡን ነው» የሚለው ትክክል አይደለም። «መንገድ ይበላዋል» የሚለውንም እስከ ዛሬ ከየትኛውም መሥሪያ ቤት አልሰማንም። የሆነው ይህ ነው፦ ቤቱን ለሰፈሩና ለተማሪው የሰጡት ሐጂ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ከሞቱ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ነው። መስጠታቸውን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። በወረቀት የሰፈረ ግን አንድ መስመር እንኳ የለም። ልጆቻቸው የቡናው ለቀማ ሲያልቅ ጅማ ላይ ተሰብስበን ውርሱን እንጨርሳለን ብለዋል። ስለዚህ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ድረስ አንድ ሐሳብ ይዘን መቅረብ አለብን። በሹራው ያለን የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ሐሳባችንን እዚህ የምንጽፈው ክርክሩ በድምፅ መልእክት ከሚያልቅ ተነቦ ቢሆን ይሻላል ብለን ነው።

ዘንድሮ ለገባችሁ አጭር መግለጫ እንስጥ። አዳራሽ የሚለው ስም ከቤቱ ይገዝፋል። የቆርቆሮ ክዳን ያለው የጭቃ ቤት ነው፤ ወለሉ ሲሚንቶ፣ መስኮቶቹ እንጨት። በአንደኛው ጥግ የሰፈሩ እድር ድንኳኑን፣ ትላልቅ ድስቶቹን፣ አግዳሚ ወንበሮቹንና ቃሬዛውን ያስቀምጣል። በሌላው ጥግ የእኛ ሰሌዳና የመጽሐፍ ሣጥን አለ። ጠዋት ሕፃናት ቁርኣን ይቀሩበታል። ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ የ12ኛ ክፍል ልጆች ሂሳብና ፊዚክስ ይማሩበታል። ቅዳሜ የእናቶች ነው። ከመግሪብ እስከ ዒሻ የእኛ ሐለቃ። ሰው ሲሞት ይህ ሁሉ ይቆምና ቤቱ የተዕዚያ ቤት ይሆናል። ደሞዝ የሚከፈለው ሰው የለም። መብራቱን ጀመዓው ይከፍላል፣ ጽዳቱን ተራ በተራ እንይዛለን፣ ጣሪያ ሲያፈስ እድሩ ቆርቆሮ ይገዛል። ቁልፉ ሦስት ቦታ ነው፦ አንዱ በእድሩ ዳኛ፣ አንዱ በሕፃናቱ ኡስታዝ፣ አንዱ በእኛ አሚር እጅ።

ከሰዓት በኋላ ያለው ትምህርት ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት በጀመረበት በ2014 የትምህርት ዘመን ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ። አብዛኛው ልጅ የሚወድቅበት ፈተና ላይ አንድ የሰፈር ልጅ በሳምንት አራት ቀን የሜካኒካል ተማሪ ቁጭ ብሎ ካስረዳው ልዩነት አለው። ለዚያ ልጅ ማስጠኛ የሚከፍል ቤተሰብ የለውም። እናቱ ቡና የሚለቀምበት ወቅት ከሆነ ጎማ ወይም ሊሙ ትወርዳለች፣ ካልሆነ ጅማ ገበያ ላይ ቁጭ ብላ ትቸረችራለች።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። በሹራው ፊት ሁለት ሐሳብ ቀርቧል። የመጀመሪያው አዳራሹን ለወራሾቹ አስረክበን ከዋናው ግቢ በር አጠገብ ሰፋ ያለ ቤት እንከራይ የሚል ነው። ሁለተኛው ገንዘብ አሰባስበን ከወራሾቹ እንግዛው የሚል። የመጀመሪያውን የሚደግፉት ብዙ ናቸው፤ ምክንያታቸውም ቀላል አይደለም። ከኪቶ ፉርዲሳም ሆነ ከዋናው ግቢ ወደ አዳራሹ ለመምጣት ባጃጅ ያስፈልጋል። በክረምት መንገዱ ጭቃ ነው። ከሁሉም በላይ እህቶቻችን ከዒሻ በኋላ በጨለማ ይመለሳሉ። ይህን የመጨረሻውን «ትንሽ ይታገሡ» ብሎ ማለፍ አይገባም። የእህቶች ሐለቃ ወደ ቅዳሜና እሑድ ከዐስር በፊት ይዛወር የሚል ሐሳብ ከራሳቸው ከእህቶች መጥቷል፤ አዳራሹ ቢቀርም ባይቀርም ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ መፈጸም ያለበት ይመስለናል።

መዛወሩን ግን አንደግፍም። የምንከራየው ቤት የእኛ ብቻ ይሆናል። የእድሩ ድስት እዚያ አይገባም። ሕፃናቱ ዋናውን አስፋልት ተሻግረው አይመጡም። የ12ኛ ክፍል ልጆች ለባጃጅ ከፍለው ይመጣሉ ብለን ራሳችንን አናታልል። ዩኒቨርሲቲያችን በኢትዮጵያ የሚታወቀው በማኅበረሰብ ተኮር ትምህርቱ ነው፤ ሁላችንም ለዚያ ፕሮግራም ወደ ቀበሌና ወደ ገጠር ወጥተን መጠይቅ ሞልተን ተመልሰናል። መጠይቁ ሲያልቅ ማኅበረሰቡን እንሰናበታለን። አዳራሹ ላይ ግን ያለ መጠይቅና ያለ ውጤት ከሰው ጋር እንኖራለን። ከወሎ፣ ከስልጤ፣ ከአዲስ አበባ የመጣነው ተማሪዎች አፋን ኦሮሞ የለመድነው እዚያ ከእናቶችና ከሕፃናት ጋር ስንውል ነው። ክፍል ውስጥ የለመደ ካለ እጁን ያውጣ።

ገንዘቡም ይታሰብ። ኪራይ በየዓመቱ ይጨምራል፣ መዋጮ የሚያዋጣው ተማሪ ግን እየቀነሰ ነው። ከላይ የጠቀስነው የፈተና ውጤት ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገባውን ቁጥር አሳንሶታል፤ በሐለቃ የምንቀመጥበት ስፋት ራሱ ይነግረናል። እየሳሳ በሚሄድ ጀመዓ ላይ እያደገ የሚሄድ ኪራይ መጫን ለማን ይጠቅማል? የሚቀጥሉት አሚሮች ሥራ ደዕዋ መሆኑ ቀርቶ ኪራይ ልመና ይሆናል።

ወደ ሁለተኛው ሐሳብ እንምጣ። እንግዛው የሚሉት ወንድሞች ስለ ገንዘቡ ብዙ አውርተዋል፤ በማን ስም እንደሚገዛ ግን አልተናገሩም። ጀመዓው በሕግ ፊት ሰው አይደለም። እኛ ደግሞ አላፊዎች ነን። የኢንጂነሪንግ ተማሪ አምስት ዓመት ነው፣ የብዙው ሌላ ተማሪ አራት። አሚሩ ስም ላይ ቢጻፍ እሱ ተመርቆ ሄዶ ከዐሥር ዓመት በኋላ የእሱ ልጆች ወራሽ ሆነው ይመጣሉ፤ ዛሬ ያለንበት ቦታ ላይ እንደገና እንቆማለን ማለት ነው።

ይህ ለጅማ አዲስ ታሪክ አይደለም። ጅማ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ ከሩቅ አገር ደረሳ የሚመጣባት የዒልም ከተማ ናት። ደረሳው የሚያድረው በሸኹ ግቢ ነበር፤ የሚበላው ደግሞ ከዙሪያው ገበሬ። ሸኹ በሕይወት እስካሉ ድረስ ሁሉ ነገር ይሠራል። ሲሞቱ ግን፣ የሚተካ ልጅ ወይም ኸሊፋ ከሌለ፣ ደረሳው ኪታቡን ጠቅልሎ ይበተናል። በሰው ላይ የቆመ ቤት ከሰውየው ጋር ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ሐምሌ 1967 መጣ። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 በየከተማው መስጂዶችና መድረሳዎች ኪራይ ሲሰበስቡባቸው የነበሩትን ቤቶችም ይዞ ሄደ። ለቁርኣን አስተማሪ ምግብና ልብስ የሚሆነው ገቢ በአንድ ክረምት ጠፋ። ዛሬ ኡስታዞቻችን ከጁሙዓ በኋላ በሚዘረጋ ጨርቅ የሚኖሩት ከዚያ ወዲህ ነው ቢባል ብዙም አልተጋነነም።

በተቃራኒው የቆየውንም እንመልከት። ካይሮ ላይ በአል-አዝሀር ውስጥ የጀበርት ሪዋቅ የሚባል ነበር። ሪዋቅ ማለት ከአንድ አገር የመጡ ተማሪዎች የሚያድሩበትና የሚማሩበት ክፍል ነው። ጀበርት የሚባሉት ደግሞ ከእኛ አገርና ከአካባቢው የሄዱ ሙስሊሞች ናቸው። በ1753 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የተወለደው ታዋቂው የግብፅ ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው፤ አያት ቅድመ አያቶቹ ለትውልዶች የሪዋቁ ሸኽ ነበሩ። እዚያም ተማሪው ይመጣና ይሄድ ነበር፣ ልክ እንደ እኛ። ሪዋቆቹ በየትውልዱ ሳይበተኑ የቆዩት ተማሪው ጎበዝ ስለነበር ብቻ አይደለም። የተመደበላቸው ወቅፍ ነበራቸው፤ ተማሪው ሲቀያየር እዚያው የሚቆይ ኃላፊም ነበራቸው። እነዚህ ሁለቱ ናቸው አዳራሹ የጎደሉት።

ስለዚህ የእኛ ሐሳብ ሦስተኛ ነው፦ አዳራሹ በጽሑፍ ወቅፍ ይሁን።

ወቅፍ የሚለውን ቃል ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ዑመር (ረዲየላሁ ዐንሁ) በኸይበር ያገኙትን መሬት ምን ላድርገው ብለው ነቢዩን ﷺ የጠየቁበትን ሐዲስ መድረሳ የቀራ ሁሉ ያስታውሳል። ንብረቱ ይያዛል፣ አይሸጥም፣ አይሰጥም፣ አይወረስም፤ ፍሬው ለበጎ ሥራ ይውላል። አሁን የሚነሳው ጥያቄ ሐጂ በአፋቸው የተናገሩት ወቅፍ ሆኗል ወይስ አልሆነም የሚለው ነው። በሸሪዓ ዓይን በምስክር የተረጋገጠ የቃል ወቅፍ ሊጸና እንደሚችል ኡስታዞቻችን ነግረውናል። ነገር ግን ምስክሮቹ አንድ ዓይነት ነገር አይናገሩም። አንዱ «ለአላህ ብዬ ሰጥቻለሁ» ሲሉ ሰምቷል፣ ሌላው «እስካለሁ ድረስ ተጠቀሙበት» ሲሉ ሰምቷል። ሁለቱ በጣም ይለያያሉ። የመጀመሪያው ወቅፍ ይሆናል፣ ሁለተኛው ውሰት። የአገሪቱን ሕግ ከጠየቅን ደግሞ መልሱ አጭር ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት መመዝገብ አለበት። በቁጥር 2443 መሠረት ደግሞ ስጦታው በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በሚሠራበት ሥርዓት መደረግ አለበት። በቃል የተሰጠ ቤት በዚህ ሚዛን አይቆምም።

እዚህ ላይ አንዳንድ ወንድሞች «ወራሾቹ የአባታቸውን ቃል ይበላሉ ወይ?» እያሉ ይቆጣሉ። እኛ በዚህ አነጋገር አንስማማም። ያልተረጋገጠ ወቅፍ የወራሽ ሐቅ ነው፤ የወራሽን ሐቅ በሰደቃ ስም መያዝም ሐራም ነው። እነዚህ ሰዎች ሁለት ዓመት ሙሉ ኪራይ ሳይጠይቁ፣ ቁልፍ ሳይቀይሩ ቆይተዋል። ታላቁ ልጅ አጋሮ ላይ በጀንፈል ንግድ የሚኖር ነው፣ ታናሹ አዲስ አበባ ይሠራል፣ እህታቸው ጅዳ ናት። እናታቸው አሁንም እዚሁ ሰፈር ናቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ የመጀመሪያውን ምንጣፍ የሚያነጥፉት እሳቸው ናቸው።

በፈራኢድ የተማርነውን እንጠቀምበት። ልጆች ስላሉ የሚስት ድርሻ ስምንት አንደኛ ነው፤ የቀረው ለሁለት ወንድና ለአንዲት ሴት ልጅ ይከፈላል። ቤቱን አርባ ቦታ ብንከፍለው እናት 5፣ እያንዳንዱ ወንድ ልጅ 14፣ ሴት ልጅ 7 ያገኛሉ። (ቤቱ የባልና ሚስት የጋራ ሀብት ነው ከተባለ ስሌቱ ይቀየራል፣ የእናትም ድርሻ ከፍ ይላል። ያንን ለቃዲው እንተወዋለን።) እናትና ጅዳ ያለችው እህታችን ድርሻቸውን ለአዳራሹ ለመተው ፈቃዳቸውን ለእድሩ ሽማግሌዎች ተናግረዋል። ይህ ከአርባው 12 ነው። ስለዚህ ቀሪው 28 ነው እንጂ ሙሉ ቤት አይደለም። ሁለቱ ወንድሞችም ሙሉውን ይስጡ ማለት አንችልም። የሚሰጡትን ይሰጣሉ፣ የቀረውን በዋጋው እንገዛና ከእነሱ ድርሻ ጋር በአንድ ሰነድ ላይ ወቅፍ እናደርገዋለን። የሚሰበሰበው ገንዘብ በዚህ መንገድ ያንሳል፣ የሟቹም ኒያ በገዛ ልጆቻቸው እጅ ይፈጸማል።

የሚጸናውስ የት ነው ለሚሉ፦ የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን ያጠናከረው አዋጅ ቁጥር 188/1992 ወቅፍንና ሂባን በግልጽ ከፍርድ ቤቶቹ ሥልጣን ውስጥ አስገብቷል። የኦሮሚያ ክልልም የራሱ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አሉት። ቅድመ ሁኔታው ባለጉዳዮቹ በሙሉ ወደው መቅረባቸው ነው። በአጭሩ ቤተሰቡን ካስቀየምን መንገዱ በራሱ ይዘጋል። ቴሌግራም ላይ ስማቸውን እየጠሩ የሚጽፉ ወንድሞች ይህን ቢያስቡበት ጥሩ ነው።

ሰነዱ አንገብጋቢ የሆነበት ሌላ ምክንያት አለ። የኮሪደር ልማቱ በጅማ የመንገድ ዳር ቤቶችን ሲያነሳ በየቀኑ እያየን ነው። ነገ መስመሩ ወደ እኛ ሰፈር ቢመጣ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ካሳ የሚከፈለው በሰነድ ለሚታወቀው ሕጋዊ ባለይዞታ ነው። «እድሩ ይጠቀምበት ነበር፣ ተማሪ ይማርበት ነበር» የሚል ነገር በካሳ ቅጽ ላይ ቦታ የለውም። ወቅፍነቱ ተመዝግቦ ከሆነ ግን ቤቱ ቢፈርስ እንኳ ካሳው ለሌላ አዳራሽ ይሆናል። ፊቅሁም የሚለው ይህንኑ ነው፤ የወቅፍ ንብረት ሲለወጥ ምትኩ ወቅፍ ነው።

በጣም የሚያከራክረው ነዚሩ ማን ይሁን የሚለው ነው። እድሩ ብቻ ቢሆን ከጊዜ በኋላ ቤቱ ድንኳን ማስቀመጫ ይሆናል ብለው የሚፈሩ አሉ። እኛ ብቻ ብንሆን ከላይ እንዳልነው አላፊዎች ነን። መጅሊሱ ይያዘው የሚሉም አሉ፤ ከ2012 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ የሕግ ሰውነት ያለው ተቋም መሆኑም እውነት ነው። በዚያው ልክ ልጆች ሆነን በ2004 ዓ.ም. በአወሊያ ትምህርት ቤት አስተዳደር ላይ የተነሳውን ያየን ሰዎች ነን። አንድ ተቋም ከላይ ሲተዳደርና ከታች ያለው ሰው ድምፅ ሲያጣ ምን እንደሚመጣ ማንም አይነግረንም። የእኛ አስተያየት፦ ሰነዱ በመጅሊሱ ይመዝገብ፣ ነዚርነቱ ግን በስም ለአምስት ሰዎች ይሁን። ሁለት ከእድሩ፣ አንድ ከቤተሰቡ፣ የሕፃናቱ ኡስታዝና በየዓመቱ የሚቀየር አንድ ተማሪ። ከአምስቱ አንድ ብቻ ተማሪ መሆኑ ቅር ያሰኛችሁ ትኖራላችሁ። እኛ ግን አንድ ይበቃል እንላለን። ፉቀሃእ የዋቂፉን ሸርጥ ምን ያህል እንደሚያከብሩ ታውቃላችሁ፤ ስለዚህ ሸርጡ ዛሬ በሰነዱ ላይ ይጻፍ፦ ለሕፃናት ቁርኣን፣ ለተማሪ ትምህርት፣ ለእናቶች፣ ለሐዘን። የሱቅ ኪራይ ካስፈለገ ለቤቱ ጥገና ብቻ።

ስለ ጥገናው፣ ሙያችን ስለሆነ ትንሽ ታገሡን። «የጭቃ ቤት ነው፣ ወድቆ ይገላግለን፣ ፎቅ እንሥራ» የሚለውን ሐሳብ ከራሳችን ከሲቪል ተማሪዎች ሰምተናል። ባለፈው ወር ቤቱን ዙሪያውን አይተነዋል። ማገሩ ደህና ነው። ጣሪያው ላይ ሊቀየሩ የሚገባቸው ቆርቆሮዎች ያሉት በአንድ ወገን ነው። ዋናው ችግር ከታች ነው፦ በጓሮ በኩል አፈሩ ባለፉት ዓመታት ከፍ ብሎ የግድግዳውን እግር ሸፍኖታል፤ የምሰሶዎቹ ሥር እየራሰ ነው፣ ምስጥም ጀምሮታል። ጅማ በዓመት ወደ 1500 ሚሊ ሜትር ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት፤ እግሩ የረጠበ የጭቃ ቤት እዚህ አይቆይም፣ እግሩ የደረቀ ግን አያቶቻችንን አኑሯል። አፈሩን ማንሳት፣ ውኃ መውረጃ ቦይ መቅደድ፣ የተበሉትን ምሰሶዎች ከሥር ቆርጦ በድንጋይና በሲሚንቶ መተካት፣ የጣሪያውን ክንፍ ማርዘም። ይህ ለሁለት ቅዳሜና እሑድ የሰው ጉልበትና ለአንድ ፒክ አፕ ድንጋይ የሚሆን ገንዘብ ነው። ለፎቅ ንድፍ መሳል ከቦይ መቆፈር እንደሚያስደስት እናውቃለን። ቦዩ ይቅደም።

ከአጋሮ፣ ከየቡና ከሊሙ ገነት የመጡ ወንድሞች ይህን ስናወራ «እኛም ጋ ያው ነው» ይሉናል። የክረምት ቁርኣን ትምህርት በነጋዴ መጋዘን ይሰጣል፤ ጀንፈል መግባት ሲጀምር ሕፃናቱ ወጥተው በመስጂድ በረንዳ ይቀመጣሉ። ባለመጋዘኑ ደግ ሰው ነው፣ አይካድም። ግን በእነዚሁ ከተሞች ቡናችንን በማኅበር መሸጥ ተምረናል፤ በጎማ ያሉትን እንደ ዱሮሚና ያሉ የገበሬ ማኅበራት እዩ። መተዳደሪያ ደንብ፣ መዝገብ፣ የተመረጠ ኮሚቴ አላቸው። ለቡናው ይህን ያህል ወረቀት ካዘጋጀን ለሕፃናቱም አንድ ወረቀት አይበዛባቸውም። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አያ የበቀራ 282ኛው ነው፤ ስለ ምን እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ስለ ዱቤ ውል መጻፍና ስለ ምስክር ነው።

የመጪው ሐሙስ ከመግሪብ በኋላ ሹራው ይሰበሰባል። እኛ የምናቀርበው ሦስት ነገር ነው። የእድሩ ሽማግሌዎችና ኡስታዙ ከእኛ ሁለት ሰዎች ጋር ሆነው ወራሾቹ ከመሰብሰባቸው በፊት አጋሮ ድረስ ሄደው ታላቁን ልጅ በቤቱ ያነጋግሩት፤ ስልክ አይሁን። የሕግ ትምህርት ክፍል ወንድሞችና እህቶች የወቅፉን ሰነድ ረቂቅ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ያዘጋጁ፣ ለቃዲውም ይታይ። ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ደግሞ ጓሮው ይቆፈራል። ወራሾቹ እምቢ ቢሉስ ለሚል፦ ቢሉም ቦዩ የእነሱን ቤት ያድናል፣ ሁለት ዓመት ያለ ኪራይ ለኖርንበት ቤት ይህ አይበዛም። አካፋ ከእድሩ እናገኛለን፤ ዶማ ያለው ይዞ ይምጣ።